እንግሊዝኛ ስለማስተማር ጥናት ስትፈልጉ ከየት ትጀምራላችሁ?

የተማሪን ድርሰት በቀይ እስክሪብቶ ማረም ይጠቅማል ወይስ ትርፉ ድካም ነው? ይህን ጥያቄ ይዤ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጥኩ ቀን ጉዳዩ የአንድ ከሰዓት ሥራ መስሎኝ ነበር። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በሦስተኛው ቀን ማታ ከአርባ በላይ ፋይል አውርጃለሁ። ግማሹን ለምን እንዳወረድኩት ራሴም አላውቅም። ጥናት ጠፍቶ አይደለም። እንግሊዝኛን የሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎችን ስለማስተማር የተጻፈው ተነቦ አያልቅም። እኔ ነኝ የትኛውን በር እንደማንኳኳ ያላወቅኩት።

በሮቹ ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ግን ለሁሉም አይሆኑም። ነገ ጠዋት ክፍል የሚገባ መምህር አለ። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፍ ተማሪ አለ። ለትምህርት ቤት የማስተማሪያ ዘዴ የሚመርጥ ኃላፊም አለ። ሦስቱ አንድ ቦታ ቢፈልጉ ቢያንስ ሁለቱ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ከታች የማወዳድራቸውን ስታነቡ ከሦስቱ የትኛው እንደሆናችሁ አስቡ።

መጀመሪያ ስሙን

ከየትኛውም ዳታቤዝ (የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ ማከማቻ) በፊት አንድ ጣጣ አለ። ይህ ሙያ አንድ ስም የለውም። ተማሪው እንግሊዝኛ በሚነገርበት አገር እየኖረ ሲማር ኢኤስኤል ይሉታል። እንግሊዝኛ ከክፍል ውጭ በማይሰማበት አገር ሲሆን ኢኤፍኤል ይባላል። ሁለቱንም ጠቅልለው ኢኤልቲ የሚሉ አሉ፤ በተለይ እንግሊዞቹ። ቲሶል የሚለው ደግሞ የሙያውም የአንድ ትልቅ ማኅበርም ስም ነው። የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ኢኤኤል ሲሉ የአሜሪካዎቹ ኢንግሊሽ ለርነርስ ይላሉ። የቋንቋ ሳይንስ ሰዎች አገሩንም ትምህርት ቤቱንም ትተው ኤል 2 (ሁለተኛ ቋንቋ) ብለው ይገላገላሉ።

እኔ ያን ሦስት ቀን ያቃጠልኩት "ኢኤስኤል" እና "ግራማር" የሚሉ ሁለት ቃላት ብቻ እየጻፍኩ ነው። የምፈልገው ነገር በተመራማሪዎች ዘንድ "ሪትን ኮሬክቲቭ ፊድባክ" እንደሚባል የነገረኝ አልነበረም። ስሙን ባወቅኩ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያገኘሁት በሦስቱ ቀን ካገኘሁት በለጠ። ሌሎችም እንደዚህ ናቸው። ተማሪዎች ቀለል ያለ መጽሐፍ በብዛት ማንበባቸው "ኤክስቴንሲቭ ሪዲንግ" ይባላል። ሥራ እያሠሩ ማስተማር "ታስክ ቤዝድ" በሚለው ስም ይገኛል። ቃሉን ካላወቃችሁት አቋራጭ አለ። ጉዳያችሁን የሚነካ አንድ ጥሩ ጽሑፍ ብቻ አግኙና ከአብስትራክቱ (መግቢያው ላይ ካለው አጭር ማጠቃለያ) ሥር የተደረደሩትን ቁልፍ ቃላት ገልብጡ። ቀጣዩን ፍለጋ በእነሱ አድርጉ።

ደግሞ ልዩነቱ የስም ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከክፍል ሲወጣ ገበያው፣ አውቶቡሱ፣ ቴሌቪዥኑ ሁሉ እንግሊዝኛ የሆነለት ልጅ ላይ የሠራ ዘዴ በሳምንት አራት ክፍለ ጊዜ ብቻ እንግሊዝኛ ለሚሰማ ልጅ ይሠራል ማለት አይደለም። በዚህ ላይ ብዙው ጥናት የሚሠራው በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ተመራማሪው ያለው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። አስር ዓመት ለሆናቸው ልጆች የምታስተምሩ ከሆነ ከውጤቱ በፊት "የተጠኑት እነማን ናቸው?" የሚለውን ክፍል አንብቡ። ብዙ ጽሑፍ እዚያው ላይ ይወድቃል፤ ጊዜም ይተርፋችኋል።

ኤሪክ ወይስ ጉግል ስኮላር?

ብዙ ሰው የሚያመነታው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ሁለቱም ነጻ ናቸው። ሁለቱም ትልልቅ ናቸው። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው።

ኤሪክ በአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የትምህርት መሥሪያ ቤት ሥር ያለ ዳታቤዝ ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ መዝገብ አለው፤ ሁሉም ስለ ትምህርት ነው። ዋናው ጥቅሙ ግን ብዛቱ አይደለም። እያንዳንዱ ጽሑፍ ሲገባ አስቀድሞ ከተዘጋጀ የቃላት ዝርዝር ውስጥ መለያ ይሰጠዋል። ደራሲው ኢኤስኤል ይበል፣ ኢኤፍኤል ይበል፣ ኤል 2 ይበል፣ መለያው "ኢንግሊሽ" ተብሎ "ሰከንድ ላንጉጅ" የሚለው በቅንፍ የተጻፈበት አንድ ቃል ነው። ቅድም ያማረርኩበት የስም ትርምስ እዚህ በአብዛኛው ይቃለላል። ከዚህ መለያ ጋር "ኤረር ኮሬክሽን" የሚለውን መለያ ስታጣምሩ የቀይ እስክሪብቶዬ ጥያቄ ቀጥ ብሎ ይመጣል።

ከውጤቱ ጎን ማጣሪያዎች አሉ። በዓመት፣ በትምህርት ደረጃ፣ በጽሑፉ ዓይነት፣ ጥናቱ በተሠራበት ቦታ መለየት ይቻላል። የትምህርት ደረጃውን ማጣሪያ ሰው ይረሳዋል፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። የመጀመሪያ ደረጃ መምህር ከሆናችሁ የዩኒቨርሲቲውን ጫካ በአንድ ጠቅታ ትመነጥሩታላችሁ። ከመፈለጊያው ሳጥን ሥር ደግሞ ሁለት ምልክት ማድረጊያዎች አሉ፤ አንዱ በባለሙያ የተገመገመውን ብቻ፣ ሌላው ሙሉ ጽሑፉ እዚያው ያለውን ብቻ ያመጣል።

እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። የኤሪክ መዝገብ ቁጥር በሁለት ዓይነት ይጀምራል። ኢጄ ብሎ የሚጀምረው ከጆርናል የመጣ ነው። ኢዲ ብሎ የሚጀምረው ሪፖርት፣ የጉባኤ ጽሑፍ፣ የማስተማሪያ መመሪያ፣ ምን ያልሆነው አለ። ብዙውን ጊዜ በነጻ የሚወርደው ኢዲው ሲሆን ገምጋሚ ያየው ደግሞ ኢጄው ነው። "ሙሉ ጽሑፍ ብቻ" የሚለውን ብቻ ምልክት አድርጎ የሚፈልግ ሰው ሳያውቀው ጠንካራውን ጥናት እየጣለ ያልተገመገመውን ይሰበስባል። የእኔ አርባ ፋይሎች ነገር በከፊል ይኸው ነበር።

ኤሪክ ሌላም ድካም አለው። ወደ አሜሪካ ትምህርት ቤቶች ያደላል። አዲስ ጽሑፍ ታትሞ መለያ ተሰጥቶት እስኪገባ ጊዜ ይወስዳል። ጥያቄያችሁ ከክፍል ይልቅ አእምሮ ቋንቋን እንዴት ይይዛል ወደሚለው ከሄደ ደግሞ ይሳሳባችኋል።

የጉግል የጥናት ጽሑፍ መፈለጊያ የሆነው ጉግል ስኮላር በ2004 ሲመጣ ሌላ ነገር ይዞ መጣ። መለያ ቃል የለም። የሚፈልገው በጽሑፉ ሆድ ውስጥ ነው። ስለዚህ የጻፋችሁትን ቃል አንድ ጊዜ በጨረፍታ የጠቀሰ ጽሑፍም ይመጣል። የተገመገመውን ካልተገመገመው የሚለይ ማጣሪያ የለውም። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍም፣ የታወቀ ጆርናልም፣ ገንዘብ ተቀብሎ ያገኘውን የሚያትም ጆርናልም አንድ መስመር ላይ ይሰለፋሉ። ስንት ሺህ ውጤት ቢልም ከአንድ ሺህ በላይ አያሳይም። በሌሎች ብዙ ጊዜ የተጠቀሰውን ከፊት ስለሚያስቀድም አሮጌው ይገናል፤ አምና የወጣው ገጽ ስድስት ላይ ተደብቆ ይቀራል። በግራ በኩል ዓመት መገደብ ግድ ነው።

ታዲያ ለምን እንጠቀምበታለን? በአንዲት ማስፈንጠሪያ ምክንያት። ከእያንዳንዱ ውጤት ሥር ይህን ጽሑፍ ማን ማን እንደጠቀሰው የምታሳይ "ሳይትድ ባይ" የምትባል አለች። የዋቢ ዝርዝር ወደኋላ ይወስዳችኋል፤ እሷ ወደፊት ትወስዳችኋለች።

በምሳሌ ላሳያችሁ። ስለ ድርሰት እርማት ስትፈልጉ የተመራማሪው የጆን ትራስኮት የ1996 ጽሑፍ መምጣቱ አይቀርም። ክርክሩ ቁርጥ ያለ ነው፦ በድርሰት ትምህርት ውስጥ የሰዋስው እርማት አይጠቅምም፣ ይቅር። እዚያ ላይ ያቆመ ሰው ቀይ እስክሪብቶውን ይጥላል። "ሳይትድ ባይ" የምትለውን የነካ ግን የዳና ፌሪስን የ1999 መልስ ያገኛል፤ እሷ ድምዳሜው ችኮላ ነው ብላ ትሞግታለች። ከዚያ በሺዎች የሚቆጠሩ ሌሎች ይከተላሉ። ከእነሱ መካከል "ሜታ አናሊሲስ" የሚል ቃል ጨምራችሁ እዚያው ውስጥ መፈለግ ትችላላችሁ። የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የሚያሰሉ ጽሑፎች ይመጣሉ። ልብ በሉ፣ እነሱም አንድ ቃል አይናገሩም። ትራስኮት ራሱ በ2007 ጥናቶቹን አስልቶ እርማት እንዲያውም በትንሹ ሳይጎዳ አይቀርም አለ። በኋላ የመጡ ሌሎች ስሌቶች ደግሞ ይጠቅማል ወደሚለው አደሉ። ልዩነቱ የሚመጣው የትኛውን ጥናት ከስሌቱ እንዳስገቡና የትኛውን እንደተዉ ነው። ይህን ሁሉ ኤሪክ ብቻውን አያሳያችሁም።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ አንዱን ጥሎ ሌላውን መያዝ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ኤሪክ፦ ቃሉን አስተካክላችሁ አምስት ስድስት ጥሩ ጽሑፍ ትመርጣላችሁ። ቀጥሎ ስኮላር፦ የእነዚያን ዝርያ ትቆጥራላችሁ። በስኮላር የሚጀምር ሰው ይሰምጣል። በኤሪክ የሚያቆም ደግሞ ጨዋታው ሳያልቅ ከሜዳ ይወጣል። ጊዜ አጥሯችሁ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ግን፣ ለመምህር ኤሪክን፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ስኮላርን እላለሁ።

በክፍያ ያሉት

ኤልኤልቢኤ የሚባለው የቋንቋ ሳይንስ ዳታቤዝ ከ1973 ጀምሮ ያለውን ይዟል። ኤሪክ የሚሳሳበትን ጎን የሚሞላው እሱ ነው። ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስም አሉ፤ እነሱ ማን ማንን እንደጠቀሰ ከስኮላር በጸዳ መልኩ ያሳያሉ፤ የሚያስገቡትን ጆርናልም ይመርጣሉ። ሦስቱም የሚገኙት በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በኩል ነው። መግቢያ ካላችሁ ለክለሳ ድርሳናት ተጠቀሙባቸው። ከሌላችሁ አትዘኑ። ለአብዛኛው የክፍል ጥያቄ ያለ እነሱ ይኬዳል።

ጽሑፉ ተገኘ፣ ግን ተቆልፏል

ይህ ሁላችንንም ያናድደናል። አብስትራክቱ ይነበባል፣ ቀሪውን በክፍያ ይላል። ከመክፈላችሁ በፊት አንፔይዎል የሚባለውን ቅጥያ በማሰሻችሁ (ብራውዘራችሁ) ላይ ጫኑ። ሕጋዊ ነጻ ቅጂ የሆነ ቦታ ካለ አረንጓዴ ምልክት ያበራል። ስኮላር ላይ ደግሞ "ሁሉም ቅጂዎች" የምትለውን ተጫኑ፤ ደራሲው በዩኒቨርሲቲው ማከማቻ ያስቀመጠው ረቂቅ እዚያ ይገኝ ይሆናል። ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ኮርና ከጀርመኑ ቢለፌልድ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ቤዝም እንዲህ ዓይነቱን ማከማቻ ያስሳሉ። ይህ ሁሉ ካልሆነ ለደራሲው አጭር ኢሜይል ጻፉ። የሚያፍር ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ተመራማሪ ጽሑፉ ሲፈለግ ደስ ነው የሚለው።

ሌላው መንገድ ከመነሻው ነጻ የሆኑትን ጆርናሎች መያዝ ነው። ላንጉጅ ለርኒንግ ኤንድ ቴክኖሎጂ ከ1997 ጀምሮ በነጻ ይወጣል፤ ስለ ኮምፒውተርና ቋንቋ ትምህርት ከሆነ እሱን ሳታዩ አትለፉ። ቴስል ኢጄ ከ1994 ጀምሮ አለ፤ ሰፋ ያለና ለመምህር የሚቀርብ ነው። ሪዲንግ ኢን ኤ ፎሪን ላንጉጅ ስለ ንባብ ብቻ ነው። የሌሎች ነጻ ጆርናሎች ዝርዝር ደግሞ በ2003 በስዊድን ሉንድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ዶአጅ ላይ አለ። ዶአጅ ጆርናልን መርምሮ ነው የሚያስገባው። የማታውቁት ነጻ ጆርናል ሲያጋጥማችሁ እዚያ መኖሩን ማየት ጥሩ የመጀመሪያ ወንፊት ነው። እዚያ አለመኖሩ ብቻውን ግን ወንጀል አይደለም።

ነገ ጠዋት ክፍል ለሚገባ

ለመምህር ሃያ አምስት ገጽ ከነስታቲስቲክሱ አንብብ ማለት ፌዝ ነው። ኦአሲስ የሚባለው የተሠራው ለዚህ ነው። በቋንቋ ትምህርት ዙሪያ ጆርናል ላይ የወጡ ጥናቶችን እያንዳንዳቸውን በአንድ ገጽ፣ በቀላል እንግሊዝኛ አጠቃልሎ በነጻ ያስቀምጣል። ምን እንደተጠና፣ በማን ላይ፣ ምን እንደተገኘ ይነግራችኋል። እኔ ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ከሦስቱ ቀን ሁለቱ ይተርፉኝ ነበር። ጉድለቱ ሁሉም ጥናት እዚያ አለመኖሩ ነው። ደግሞ አንድ ገጽ የአንድ ጥናት ድምፅ ነው፤ የትራስኮትን ነገር አስታውሱ።

ከጆርናል ኢኤልቲ ጆርናል ከ1946 ጀምሮ አለ። ጽሑፎቹ አጫጭር ናቸው፤ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው የሚጽፋቸውም ይበዛሉ። በ1967 የጀመረው ቲሶል ኳርተርሊ ደግሞ ጥናቱ ጠንከር፣ ንባቡም ከበድ ይላል። ለመምህር የመጀመሪያውን፣ ለተማሪ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ላንጉጅ ቲቺንግ የተባለው ግን ለሁለቱም ይሆናል፤ የአንድን ርዕስ የብዙ ዓመት ጥናት ጠቅልሎ የሚያቀርብ ረጅም የዳሰሳ ጽሑፍ ያወጣል። በርዕሳችሁ ላይ እንዲህ ያለ ዳሰሳ ከተገኘ ቀሪውን ፍለጋ በግማሽ ይቀንስላችኋል።

ለትምህርት ቤት ዘዴ የሚመርጡት፣ የትኛው የማስተማሪያ ዘዴ እንደሚሠራ ማስረጃውን የሚመዝነውን ዋት ዎርክስ ክሊሪንግሃውስን ማየት አለባቸው። በ2002 ተጀምሮ ኤሪክ ባለበት መሥሪያ ቤት ሥር የቆየ ነው። እንግሊዝኛ እየተማሩ ያሉ ልጆችን ስለማስተማር በ2014 ያወጣው መመሪያ ለእያንዳንዱ ምክር ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ደረጃ ሰጥቶ ይናገራል። ይህን ልማድ ብዙ መመሪያ ላይ አታገኙትም። ነገር ግን ልጆቹ አሜሪካ ውስጥ የሚማሩ ናቸው። እንግሊዝኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ለሚማር ልጅ ሲሆን በልኩ ቀንሱለት።

መመረቂያ ለሚጽፍ

አይሪስን እወቁ። በ2011 የተከፈተ፣ ሌሎች ተመራማሪዎች የተጠቀሙባቸውን መጠይቆች፣ ፈተናዎችና የክፍል ምልከታ ቅጾች የሚያስቀምጥ ማከማቻ ነው። መጠይቅ ከባዶ ፈጥሮ "ይህን ከየት አመጣኸው?" ሲባል ከመንተባተብ፣ ተፈትኖ ያለፈውን ወስዶ ምንጩን መጥቀስ ይቀላል። የሌሎችን መመረቂያ ጽሑፍም አንብቡ፤ ለራሱ ለጥናቱ ሳይሆን ለዋቢ ዝርዝሩ። አንድ ሰው ዓመት ለፍቶ የሰበሰበው ዝርዝር ነው።

ኤአይውስ?

መጠየቃችሁ አይቀርም። እንደ ኤሊሲትና ኮንሴንሰስ ያሉት እውነተኛ ጽሑፎችን ፈልገው ስለሚያጠቃልሉ ለመነሻ ይሆናሉ። ተራ ቻትቦት ግን ሌላ ነው። የእውነተኛ ተመራማሪ ስም፣ የእውነተኛ ጆርናል ስም፣ ከዚያ በዓለም ላይ የሌለ ርዕስ አቀናብሮ ይሰጣል። ሲያዩት ያምራል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ርዕሱን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ ስኮላር ላይ ፈልጉት። ካልመጣ ተጠራጠሩ። ቻትቦትን ለአንድ ነገር ብቻ ወድጄዋለሁ፦ "ይህን ነገር ተመራማሪዎች ምን ብለው ይጠሩታል?" ብሎ ለመጠየቅ። ያኔ ቢኖር ኖሮ "ኮሬክቲቭ ፊድባክ" የሚለውን በአንድ ደቂቃ በነገረኝ።

የት ላይ ይቁም?

አዲስ የከፈታችሁት ጽሑፍ ሁሉ እነዚያኑ ስሞች መጥቀስ ከጀመረና አብስትራክቱን ስታነቡ "ይህንንማ አውቀዋለሁ" ካላችሁ ፍለጋው በቃው። ለክፍል ጥያቄ አንድ ዳሰሳ፣ አንድ ሜታ አናሊሲስና የእናንተን የመሰሉ ተማሪዎች ላይ የተሠሩ ሁለት ጥናቶች ይበቃሉ። አዲስ ነገር ያመልጠኛል ብላችሁ ከሰጋችሁ ስኮላር ላይ የኢሜይል ማሳወቂያ አብሩና ተኙ።

እኔ በመጨረሻ ቀዩን እስክሪብቶ አልጣልኩትም። አሁን ግን በአንድ ድርሰት ላይ ሁለት ዓይነት ስህተት ብቻ መርጬ አርማለሁ፤ ተማሪዎቼም ወረቀቱን ሲቀበሉ ፊታቸው እንደ ድሮው አይጠቁርም።